የሻምበሉ የሽጉጥ ማህደር

«ሴት የነካችው የሽጉጥ ማህደር ስፌቱ ይላላል» አለ በድሩ። ድምፁ ከፊት ክፍል፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ እንደ ሬዲዮ ዜና ጥርት ብሎ ይሰማል። «ይኼ የኔ ቃል አይደለም፣ ሻምበል፤ የአባቴ ነው። ባለቤቴን ወላሂ ክር እንኳ አላስነካትም።»

ከመጋረጃው ወዲህ ዘምዘም የሻምበሉን ማህደር በጉልበቶቿ መካከል አጣብቃ አሮጌውን ስፌት በወስፌ እየፈታች ነበር። እጇን አቆመች። የወስፌውን ጫፍ አየች፤ ቀጥላ አበባ የታተመበትን መጋረጃ አየችና የባሏ ጀርባ የትኛው አበባ ላይ እንደሚያርፍ ገመተች። ሐሳቡ ራሱ አሳቃት፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥግ ላይ ሰሌን ዘርግተው የተቀመጡት አማቷ ፋጡሜ ተስቢሃቸውን መቁጠር አቁመው ቀና አሉ። ሟቹ ባላቸው እንድሪስ እንዲህ ያለ ቃል በሕይወት ዘመናቸው ተናግረው አያውቁም። እንዲያውም ልጃቸው ወስፌ ባየ ቁጥር ወደ መናኸሪያ ሲሮጥባቸው፣ ቆዳ መዳመጥና ክር በሰም ማሸት ያስተማሩት ይህችኑ ምራታቸውን ነበር። ፋጡሜ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ግን በልጃቸውና በምራታቸው መካከል ገብተው የማያውቁ ሴት ስለሆኑ ተስቢሃውን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

አማቷ እንድሪስ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆነ። በነዚህ ሰባት ዓመታት ከሚሴ ውስጥ «የበድሩ ማህደር» ያልታጠቀ ባለሽጉጥ ጥቂት ነው። ከጨፋ የሚመጡ ባለከብቶች፣ የየወረዳው ሚሊሻዎች፣ ጊሌ ለሚሉት ጩቤያቸው አፎት የሚያሠሩ የባቲ ገበያ አፋሮች፣ ሁሉም ፊተኛው ክፍል ገብተው ከበድሩ ጋር ይጨዋወታሉ፤ ዕቃቸው በመጋረጃው በኩል ያልፋል፣ በሦስተኛው ቀን ተሰፍቶ በመጋረጃው በኩል ይመለሳል። ዘምዘም ከሰዎቹ ፊታቸውን የምታውቀው ጥቂቱን ነው። ወገባቸውን ግን ሁሉንም ታውቃለች። ሰው ሹመት ሲያገኝ ቀበቶው ይመጣና ወደ ጫፉ ሁለት ቀዳዳ ትጨምርለታለች፤ ከሹመቱ ሲነሳ ያው ቀበቶ ተመልሶ ይመጣና ወደ ውስጥ ሁለት ትበሳለታለች። ማን ከፍ እንዳለ፣ ማን እንደወረደ የከተማው ሰው በወሬ ከመስማቱ በፊት እሷ በወስፌዋ ትደርስበታለች። በድሩም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቆዳውን ከባቲ የሚመርጠው፣ ዋጋ የሚከራከረው፣ የመቶ ሰማንያ ብሩን ማህደር ደንበኛው አመስግኖ በሁለት መቶ ሃያ እንዲወስደው የሚያደርገው እሱ ነው። አላህ ለእሱ ምላስ፣ ለእሷ ጣት ሰጥቷል። ዘምዘም በዚህ ክፍፍል ብዙም አዝና አታውቅም። የዛሬዋ ቃል ግን በአባቱ ስም መጣችባት። ያ ነው የከነከናት።

ማዶ ሻምበል ሙሐመድዘይን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ማህደሩን ያመጡት በግራ በኩል እንዲታጠቁት አዙሮ እንዲሰፋላቸው ነው።

«መንግሥት ሽጉጡን ሲሰጠኝ በየትኛው እጅህ ትተኩሳለህ ብሎ አልጠየቀኝም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀኝ ታጥቄ በግራ ስፈልገው ኖርኩ። በል አሁን ዕቃውን ስጠኝ።»

«ገና አላለቀም እኮ፣ ሻምበል። ማታ ይመለሱ።»

«እንዲያልቅ አልፈልግም። ከሰዓት በከተማው የባለሙያዎች ባዛር ላይ ዳኛ አድርገው መርጠውኛል። አምና ከመርካቶ የተገዛ ጫማ ደርድረው እኛ ሠራነው ሲሉን ነበር፤ ዘንድሮ ሁሉም ሕዝብ ፊት ቁጭ ብሎ ሠርቶ ያሳያል። አንተ የኔን ማህደር ይዘህ መጥተህ ትሰፋለህ። ካማረ ለአሸናፊ የሚሰጠው አስፋልት ዳር ያለው የመሥሪያ ሼድ ላንተ የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።»

በድሩ ሼዱን ይፈልገዋል። አከራያቸው በቆዳው ሽታ ተማሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቁ ብሏቸዋል፤ ለቆዳ ሰፊ ቤት የሚያከራይ ደግሞ በከሚሴ እንደልብ አይገኝም። «ኢንሻአላህ» አለ። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ቀጥና ነበር።

ሻምበሉ እንደወጡ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ፊቱ እንደረጠበ ሌጦ ተጨማዷል።

«ዘሙ፣ አሞታል በይልኝ።»

«ምንህን?»

«የፈለግሽውን።»

«ሻምበል አሁን አይደል ያዩህ? ድምፅህ እኮ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር።»

በድሩ አየት አደረጋት። «ሰማሽ እንዴ?»

«ምኑን?» አለች ዘምዘም፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ከጥግ የፋጡሜ ተስቢሃ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በድሩ መሬት ላይ ከሚስቱ አጠገብ ቁጭ አለና እስከ ዙህር ሶላት እንድታስተምረው ለመናት። እሷም ሳትስቅ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ፣ አስተማረችው። አንዱን ክር በሁለት መርፌ ሰክታ ከወዲህና ከወዲያ በአንዱ ቀዳዳ እንዴት እንደሚያልፍ አሳየችው። ወስፌውን እንደ ስክሪብቶ ያዘው። «እንደሱ ለፊርማ ነው» አለችው። አስተካክሎ ያዘው፤ ቆዳውን ወጋው፤ ቆዳው ግን አልተወጋም። ቁራጩ ላይ የሰፋው አምስት ስፌት ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። ፋጡሜ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስፌቱን አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በድሩ አሰበ። ሲያስብ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር አያጣም። «ስሚ፣ ዘሙ። ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው ጨርቅ መሬት ድረስ ይወርዳል። አንቺ ቀድመሽ ከሥሩ ትገቢያለሽ። እኔ ከላይ እጄን አንቀሳቅሳለሁ፣ ወሬ እይዛቸዋለሁ፤ አንቺ ከሥር ትሰፊያለሽ። ማን ያውቃል?»

ዘምዘም የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። በመጋቢት ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጣ ስትሰፋ ታያት። ልትቆጣ ፈለገች፤ ግን ቁጣው ሲወጣ መንገድ ላይ ወደ ተንኮል ተለወጠ።

«እሺ» አለች። «እመጣለሁ።»

በየት በኩል እንደምትመጣ አልተናገረችም። በድሩም አልጠየቀ። ግንባሯን ስሞ፣ ማህደሩንና መሣሪያዎቹን በዘንቢል ይዞ ወጣ።

ባዛሩ የተዘጋጀው በከተማው አዳራሽ ግቢ ነው። ጄኔሬተር ይንጫጫል፣ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፣ በየድንኳኑ ሥር የማር ጣሳ፣ የሰሌን ምንጣፍ፣ የብረት በር፣ በማሽን የተጠለፈ የትራስ ልብስ ተደርድሯል። ሙቀቱ ድንኳኑን እንደ ምድጃ አድርጎታል። በድሩ ጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ገልጦ አየ፤ ከሥሩ የራሱ ጫማ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛ ጊዜ ሊጎነበስ ሲል ሻምበል ሙሐመድዘይን ከዳኞቹ ጋር ደረሱ። ከጎናቸው የሼዱን ምዝገባ የያዘው ወጣት ሠራተኛ ሙጂብ መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ሕዝቡ ከበበ። በድሩ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው የሚችለውን ነገር ጀመረ፤ ተናገረ። ስለ ቆላ ፍየልና ስለ ደጋ በሬ ቆዳ ልዩነት፣ ስለ ሰም ጥቅም፣ አባቱ እንድሪስ አንዴ በጎርፍ የተወሰደ ማህደር ከሳምንት በኋላ ስፌቱ ሳይንቀሳቀስ ቦርከና ወንዝ ዳር እንዳገኙ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበም። ሩብ ሰዓት አለፈ።

«በድሩ» አሉ ሻምበል፣ «ምላስህን አስገባና መርፌህን አውጣ።»

ዘምዘም ይህን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል ነበረች። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ፋጡሜን ክንዳቸውን ይዛ፣ ከፊተኛው ረድፍ ደርሳለች። ባሏ መርፌ ለመስካት ሲታገል አየች። ክሩ አንድ ጊዜ ሳተ፣ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ገባ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ከሻርፑ በላይ የቀረችውን ዓይን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ወንድሜ፣» አለች ዘምዘም፣ እንደማንኛውም ገዢ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ። ለግራ እጅ ሲሆን ክዳኑ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»

በድሩ ማህደሩን አገላበጠ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ።»

ፋጡሜ «እህቴ» የሚለውን ሲሰሙ ሳል ያዛቸው።

«ክዳኑ እንግዲህ… በደንበኛው ፍላጎት በኩል ይከፈታል።»

«ሽጉጡስ የደንበኛውን ፍላጎት ያውቃል?»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ወደፊት መጣ። በድሩ አንገቱን ደፍቶ ወስፌውን አነሳ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ቀበቶ የሚገባበትን ቁራጭ ከነበረበት ሳይፈታ በላዩ ላይ ሊወጋ ሲያነጣጥር ዘምዘም ዝም ማለት አቃታት፤ ይህን ጊዜ የተናገረችው ለቀልድ አልነበረም፤ አሥራ አራት ዓመት የሠራው እጇ ነው የተናገረው።

«እሱን መጀመሪያ ፍታው! በጀርባው ያለው ወደ ፊቱ ነው የሚዞረው። እንዲሁ ከሰፋኸው አፈሙዙ ሆዳቸው ላይ ይመጣል!»

በድሩ ደነገጠ፤ ወስፌው አመለጠውና አውራ ጣቱን በሳው። «ያ ረቢ!» ብሎ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ሻምበሉ በመጀመሪያ ሆዳቸውን ዳበሱ፤ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«አንቺ ታውቂበታለሽ እንዴ?»

«ትንሽ ትንሽ። ባለቤቴ ቆዳ ሰፊ ነው።»

«በከሚሴ? ከበድሩ ሌላ ቆዳ ሰፊ አለ? ማነው ባልሽ?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ዘምዘም እዚህ ድረስ አስባ አልመጣችም። ጨዋታው ይህን ያህል ሰው ፊት ይህን ያህል ሩቅ ይሄዳል ብላ አልገመተችም። ባሏ ጣቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ያያታል፤ ዓይኑ ውስጥ ምንም ወሬ፣ ምንም ዘዴ አልነበረም። እንዲህ ባዶ ሆኖ አይታው አታውቅም። እንደመጣች ዞራ ብትሄድ ማንም አይከተላትም። ነገር ግን ጠዋት በመጋረጃው የሰማችው ቃል አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«ካለ እሱ ራሱ ይናገር» አለች።

በድሩ ጣቱን ከአፉ አወጣ። ወደ እናቱ አየ። ፋጡሜ በዓይናቸው ብቻ «በል» አሉት።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«ባሏ እኔ ነኝ፣ ሻምበል። የምትሰፋውም እሷ ናት። የርስዎን ዕቃ ጠዋት ስናወራ እሷ ጭን ላይ ነበር። አባቴም ያንን ቃል አልተናገረም። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ሳቁ ድንኳኑን ሊነቅለው ደረሰ። አንዱ «እህቴ ነበር እኮ ያላት!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው «የኒካሁን ውል አስደግሙት!» አለ። ሙጂብ መዝገቡን ፊቱ ላይ ጋርዶ ይንፈቀፈቃል። ሻምበሉ ብቻ አልሳቁም። ወንበር አንስተው ዘምዘም ፊት አስቀመጡና «ተቀመጪ። ይላላ እንደሆነ እናያለን» አሏት።

ተቀመጠች። መጀመሪያ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች፤ ወንድ ሁሉ እጇን ሲያይ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ቆዳውን ነካችና ሰዉን ረሳችው። ቀበቶ ማስገቢያውን ፈታ አነሳች፤ ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ አለሰለሰች፤ ክዳኑን ቆርጣ ከወዲያኛው ገጽ አዲስ አወጣችለት። የስፌቱን ርቀት በሹካ ጫፍ ምልክት አደረገች፤ ሹካውን ያየ ሰው ፈገግ አለ፤ ምልክቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ግን ፈገግታውን ተወው። በድሩ አጠገቧ ተንበርክኮ ነበር። ሳትጠይቀው ሰሙን አቀበላት፣ ቀጥሎ መቀሱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን መርፌ። የዕቃውን ስምና ተራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰባት ዓመት ሲያወራለት የኖረ ነውና። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሻምበሉ ከሽጉጣቸው ጥይቱን አውጥተው ለሙጂብ ሰጡ፣ ማህደሩን በግራቸው ታጠቁ፣ እጃቸውን ወረድ ሲያደርጉ ሽጉጡ እጃቸው ውስጥ ተገኘ። መለሱት። ደግመው መዘዙ። ሠላሳ ዓመት የጠፋባቸው ነገር የተመለሰላቸው ይመስል ሦስት አራት ጊዜ ደጋገሙት። በመጨረሻ ማህደሩን ከድንኳኑ ብረት ላይ አንጠልጥለው በሁለት እጃቸው ጎተቱት። ድንኳኑ ተንገጫገጨ፤ ስፌቱ ንቅንቅ አላለም።

«ጻፍ» አሉት ሙጂብን።

ሙጂብ መዝገቡን ከፈተና ተቸገረ። ለሼዱ የሚመዘገብ ሰው መታወቂያው ላይ ሙያው መጻፍ አለበት፤ ምዝገባውም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የዘምዘም መታወቂያ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፏል፤ በሁለቱም ቋንቋ የቤት እመቤት ናት። የበድሩ «ቆዳ ሰፊ» ይላል፤ ግን የበድሩን ስፌት ዳኞቹ በዓይናቸው አይተዋል። «እጁ ያለው ወረቀት የለው፣ ወረቀቱ ያለው እጅ የለው» አለ ሙጂብ ራሱን እያከከ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር።

ሦስቱ የዘምዘምን መታወቂያ ሊያስቀይሩ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ቀበሌ ሮጡ። ፋጡሜ መካከል ተቀመጡ። አስፋልቱ በኤፍኤስአር የጭነት መኪኖች ተጨናንቋል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። ዘምዘም ከዘንቢሉ ጨርቅ ቀድዳ በአማቷ ጭን ላይ አሳልፋ የባሏን አውራ ጣት ጠቀለለችለት። እሱም ሳያያት እጁን ሰጣት።

«ቤት ውስጥ ብትነግሪኝ አይሻልም ነበር?» አለ።

«ጠረጴዛ ሥር ግቢ ስትለኝ መልስ አጣሁ።»

«እሱማ… የጨነቀው ሰው…»

«ጨል ጄዲ» አሉት እናቱ በኦሮምኛ፤ «ዝም በል!» ፋጡሜ አንዴ ከጀመሩ ማቆም ያቃታቸው መሰሉ። «አባትህ ሲሞት ወስፌውን ለሷ ነው የሰጠው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እነግርሃለሁ እያልኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ።» ከዚያ ተስቢሃቸውን ፈለጉት፤ ቤት ረስተውት መጥተዋል።

ቀበሌ ሲደርሱ የመታወቂያ ሠራተኛዋ ከውሰር ቁልፏን ይዛ ልትወጣ ነበር። በድሩ በሩ ላይ ቆሞ ለመናት፤ ልመናው አንጀት ስለሚበላ ተመልሳ ተቀመጠች። አዲስ ካርድ አውጥታ ስም ጻፈች፣ ዕድሜ ጻፈች፣ ብዕሯን አንስታ «ሥራ?» አለች።

«ቆዳ ሰፊ» አለች ዘምዘም። ቃሉን ለራሷ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው፤ ጮክ ብሎ ወጣባት።

ከውሰር ቀና አለች። «ለሴት እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ምስክር አለሽ?»

«እኔ!» አለ በድሩ። ከዚያ ማንም ሊያቆመው አልቻለም። ሚስቱ ሽጉጥ ሳታይ በክብደቱ ብቻ ማህደሩን እንደምትለካ፣ ከባቲ እስከ ሸዋ ሮቢት ስፌቷን የሚስተካከል እንደሌለ፣ ዛሬ አንድ ሻምበል በስፌቷ ድንኳን ሊነቅሉ እንደነበር፣ ከደሴም ሰዎች መኪና ይዘው ሊጠይቋት እንደሚመጡ ተናገረ። ግማሹ እውነት ነበር። ዘምዘም «ይበቃል፣ ትጻፍ» ብላ ክንዱን ያዘችው።

ከውሰር በሁለቱም ቋንቋ ጽፋ ማኅተሙን መታች፤ ምዝገባው ሊዘጋ ገና ግማሽ ሰዓት ነበረው። ከዚያ የበድሩን መታወቂያ ከጠረጴዛው አንስታ አገላበጠችው። የባዛሩ ወሬ ቀድሞ ደርሷት ኖሮ ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«ያንተስ? እዚህም ቆዳ ሰፊ ይላል። ይስተካከል?»

በድሩ አፉን ከፈተ። ከዚያ የተጠቀለለ አውራ ጣቱን ማየት ጀመረ።

«የሱን ተይው፣ እህቴ» አለች ዘምዘም፣ ካርዷን ከጠረጴዛው ላይ እያነሳች። «ዛሬ ጀምሯል።»